ለሐዘንተኛ ቤት የሚያይ ሰው

ባለቤቴ ቤት ሊያይ ሲሄድ በዋናው በር አይገባም ነበር። በጓሮ ይዞርና ጎንበስ ብሎ የምሰሶዎቹን እግር በጣቱ አንጓ ያንኳኳል። "ይሰማሻል?" ይለኛል። አይሰማኝም። እንጨት ሲንኳኳ ከእንጨት ድምፅ በቀር ሌላ ነገር ሰምቼ አላውቅም። እሱ ግን ራሱን ይነቀንቅና "ባዶ ነው" ብሎ ይወጣል። ደላላው ከኋላችን እየተከተለ ዋጋ ይቀንሳል፣ እኔ እበሳጫለሁ፣ ወደ ተከራየነው ቤት እንመለሳለን።

ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። ሁለታችንም መምህራን ነበርን፤ እሱ ሒሳብ፣ እኔ አማርኛ። ልጅ አልወለድንም። ከደመወዛችን እየቆነጠርን ለቤት ብለን ያስቀመጥነው ነበረን፤ ቤቱ ግን አልተገኘም። አንዱ ርጥበት አለው፣ የአንዱ ጣራ አዘቅዝቋል፣ የአንዱ መሠረት ተሰንጥቋል። አንድ ቀን ተናድጄ "አንተ የምትፈልገው ቤት አይደለም፣ እንከን ነው" አልኩት። ሳቀና "እንከኑን ሳላውቅ ቤቱን እንዴት አውቀዋለሁ?" አለኝ። ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ሞተ። ያጠራቀምነውና ቤት መግዛቱ ለእኔ ብቻ ቀረ።

አርባው እንደወጣ የቤት አከራያችን በሳምንት ሦስት ጊዜ መጣች። አንድ ቀን ንፍሮ ይዛ፣ አንድ ቀን ባዶ እጇን፣ አንድ ቀን ደግሞ ድንች በፌስታል ይዛ። ትቀመጣለች፣ ስለ ብርዱ ታወራለች፣ እጇን ታፋትጋለች፣ ትሄዳለች። በመጨረሻ ነገሩን የሰማሁት ከጎረቤቴ ነው። ልጇ ሊያገባ ነው፤ ክፍሎቹን ለመስከረም ትፈልጋቸዋለች። ፊት ለፊት ልትነግረኝ አቅም አጣች። አልተቀየምኳትም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ድንች ይዤ ነበር የምሄደው።

ደላላው ያሳየኝ ቤት ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ፣ ከተማው አልቆ ዳገቱ ሊጀምር ሲል ያለ ነው። ሦስት ክፍል፣ አዲስ ቀለም የተቀባ፣ ጓሮው ውስጥ ጌሾና አንድ የኮክ ዛፍ ያለው። ባለቤቶቹ ወደ ባሕር ዳር ሊዛወሩ የተነሡ ባልና ሚስት ናቸው። የሄድኩ ዕለት ጠዋት ደመናው ለጥቂት ጊዜ ተገልጦ ነበርና ከመኝታ ቤቱ መስኮት ጉና ተራራ ታየኝ። እዚያ መስኮት ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከሚያዝያ ወዲህ ደስ ያለኝ የመጀመሪያው ነገር ያ መስኮት ነበር። ስለዚህ ፈራሁ። ያለኝ ገንዘብ ለአንድ ቤት ነው፤ ብሳሳት ሌላ ሃያ ሁለት ዓመት የለኝም።

በእኛ ከተማ ቤት አይቶ ደህና ነው፣ ደህና አይደለም የሚል፣ ለዚህ ብሎ ሰሌዳ የሰቀለ ባለሙያ የለም። ሰው የሚያምነውን ይዞ ይሄዳል። እኔም የሚወዱኝን ሰዎች ቆጠርኩና ከእነሱ መረጥኩ። ስሕተቴ እሱ ነበር።

መጀመሪያ የጠራሁት የባለቤቴን ታላቅ ወንድም ነው። ሐሙሲት እህል ይነግዳል። ከዚያው አንድ የታወቀ ግንበኛ ይዞ በማለዳ ሚኒባስ መጣ። ግንበኛው ቤቱን እየዞረ መሠረቱን በእግሩ ገፋ ገፋ አደረገ፣ ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰ፣ መዳፉንም ወደ አፍንጫው አስጠጋ። እኔ ከቤቱ ባለቤት ጋር ስለ ውሃ ቆጣሪው እያወራሁ ነበር። ስወጣ ሁለቱ አጥሩ ሥር ቆመው፣ ራስ ለራስ ገጥመው ያወራሉ። እንዳዩኝ ዝም አሉ። ግንበኛው ቀና ብሎ ዛፉን አየና "ይሄ ኮክ ያፈራል?" አለ።

"ምን አሉ?" አልኩ፣ የባለቤቴን ወንድም።

"ምን ይላል፣ ቤት ነው አለ። ልብሽ ከወደደው በቃ፣ እቴ።"

"እንከን የለውም?"

"እንከን የሌለው ምን አለ። አንቺ አሁን ዕረፍት ነው የሚያስፈልግሽ።"

ሚኒባስ ላይ አሳፈርኳቸውና ብቻዬን በእግሬ ስመለስ፣ ያን አጥር ሥር የነበረውን አቋቋም ሌላ ቦታ እንዳየሁት ትዝ አለኝ። ባሕር ዳር፣ ባለቤቴ ተኝቶበት የነበረው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነው። የባለቤቴ ወንድምና ሐኪሙ እንዲሁ ራስ ለራስ ገጥመው ቆመው ነበር። እኔ ፔርሙዝ ይዤ ስመጣ ዝም አሉ። ያን ጊዜ የጠየቀኝ "ምሳ በላሽ?" ብሎ ነው።

ሁለተኛው የቀድሞ ተማሪዬ ነው። አሁን የሕንፃ መሐንዲስ ሆኗል። ሰባተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ፤ ዛሬም ስሜን አይጠራም፣ "ቲቸር" ነው የሚለኝ። ሜትር ይዞ መጣ፣ በስልኩ መብራት ኮርኒሱን ገልጦ አየ፣ ፎቶ አነሣ። እኔን "ብርድ ነው፣ እርስዎ ቁጭ ይበሉ ቲቸር" ብሎ ወንበር አስመጣልኝ። በሦስተኛው ቀን ሁለት ገጽ ጽሑፍ አመጣልኝ። ክፍያ ስለው ሊሰማኝ አልፈለገም።

ጽሑፉን መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። "ቤቱ በአጠቃላይ ሲታይ ለመኖሪያ አመቺ ሲሆን እንደ አስፈላጊነቱ መጠነኛ እድሳት ቢደረግለት የተሻለ አገልግሎት ሊሰጥ ይችላል" ይላል። ፊደሉ አልተሳሳተም፣ ነጥቡም በቦታው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለልጆች "ያያችሁትን ጻፉ፣ በአጠቃላይ አትበሉ" ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ሁለቱን ገጽ ስጨርስ ስለ ቤቱ አንድም የማውቀው ነገር አልነበረም።

"መጠነኛ ያልከው ምንድን ነው?" አልኩት።

"ጥቃቅን ነገር ነው፣ ቲቸር።"

"ከጥቃቅኑ አንዱን ንገረኝ።"

ነጠላዬን አየ። ቀሚሴን አየ። ሁለቱም ጥቁር ናቸው። "አይጨነቁ፤ ከገቡ በኋላ እኔ ራሴ አስተካክልልዎታለሁ" አለኝ።

እዚህ ላይ ነገሩ ገባኝ። በእኛ ዘንድ ሐዘን ላይ ለተቀመጠ ሰው ክፉ ነገር አይነገርም። መርዶ እንኳ ሲሆን ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሰዓት ተመርጦ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ነው የሚነገረው። እስከዚያ ድረስ ሰውየው እንዲበላና እንዲስቅ ይደረጋል። እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ ጊዜ ወንድሟ የሞተባት የሥራ ባልደረባዬ ገና ሳትሰማ፣ ዘመዶቿ ከእብናት እስኪመጡ ድረስ ሁለት ቀን አብሬያት ሽንኩርት ስልጥ ዋልኩ። ቀልድ ተናግሬ አስቄአታለሁ። ደግነት ነው ብዬ ነበር፤ ዛሬም ክፋት ነው አልልም። ነገር ግን ቤት ለመግዛት አይሆንም። በዚህ ቀሚስ ላይ ክፉ ሊናገር የሚችል ሰው ማግኘት ነበረብኝ። የሚያዝንልኝ ሰው አይሆንም።

እንደዚያ ያለ አንድ ሰው አውቅ ነበር።

ከገበያው በታች የሚሠሩ ሽማግሌ አናጢ ናቸው። ድሮ ከባለቤቴ ጋር ቤት ለማየት አብረው የሚሄዱት እሳቸው ነበሩ፤ ማንኳኳቱንም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ባለቤቴ ለመጀመሪያም ለመጨረሻም ጊዜ አንድ ቤት ወደደ። ምሰሶውን ሲያንኳኳ ራሱን አልነቀነቀም። እሳቸው ግን አይተው "የሞተ ቤት ነው" አሉት። እሱ ተቆጣ፤ "ሌላ ገዢ ይዘው ነው" አላቸው፣ በሰው ፊት። ቤቱን በሳምንቱ ሌላ ሰው ገዛው፣ በአራተኛው ዓመትም አፍርሶ እንደገና ሠራው። ባለቤቴ ያን እያየ በዚያ በኩል ማለፍ ተወ እንጂ ይቅርታ አልጠየቀም። በመንገድ ሲገናኙ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ያልፋሉ። አናጢው ለቀብሩ መጥተው የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ቆመው ነበር። ፍትሐቱ እንዳለቀ እዝን ሳይቀምሱ ሄዱ።

ስሄድ በር እየላጉ ነበር። ቀና አላሉም።

"ቀብሩ ላይ ስለነበርኩ ነፍስ ይማር ብዬሻለሁ። ምን ፈልገሽ ነው?" አሉ።

"ቤት እንዲያዩልኝ።"

"መሐንዲስ ሞልቷል።"

"መሐንዲስ አይቶታል።" ወረቀቱን አወጣሁ።

"ዓይኔ አያነብም፤ አንቺ አንብቢው።"

አነበብኩላቸው። መላጊያውን አስቀምጠው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

"ጥሩ ልጅ ነው። ቤቱ ግን የታል?" አሉ።

"እኔም አላገኘሁትም።"

"የት ነው?"

ነገርኳቸው። "ባልሽ እውነቱን ስነግረው ያለኝን ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ። እኔ አልልም።"

"ታለቅሽ ይሆናላ።"

"ላለቅስ እችላለሁ። እርስዎ ግን እንባዬን አይተው ነገሩን እንዳያሳጥሩብኝ።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ የእንጨቱን ፍቅፋቂ በእጃቸው ጠረጉና "ዝናብ ሲጥል ነይና ጥሪኝ። በፀሐይ አላይም" አሉ።

ደላላው ይህን ሲሰማ ሳቀብኝ። "እማማ፣ በዝናብ ቤት ሊያዩ ነው ወይስ ሊሸሸጉ?" አለ።

ነሐሴ ስለነበረ ዝናብ አላስጠበቀንም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጣለ። አናጢው የፕላስቲክ ዝናብ ልብሳቸውን ደርበው፣ አንድ ቀጭን ሹል ብረት በእጃቸው ይዘው ወጡ። ጾመው ነበርና አፋቸው ደርቋል፣ ብዙም አያወሩም። ከቤቱ ደጅ ስንደርስ አልገቡም። አልፈው ወደ ላይኛው ጎረቤት ወጡና ከጣራው የሚወርደው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ቆመው አዩ። ከዚያ ወደ ታችኛው ጎረቤት ወረድን። እዚያ አንዲት ሴት ጆንያ ራሷ ላይ ጥላ በዶማ ውሃ ትመልሳለች።

"ይሄ ውሃ ከየት ነው የሚመጣብሽ?" አሏት።

"ከላይ ነዋ፣ አባባ። በነዚያ ቤት ሥር አልፎ ነው የሚመጣ። ከመደባቸው ሥር ነው የሚወጣው፤ በየክረምቱ ነው።"

"እነሱ ያውቃሉ?"

"እንዴት አያውቁ። እኛም እናውቃለን።" ወደ እኔ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ሐዘንተኛ ናቸው እንዴ? እኔ ምንም አላልኩም።"

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ቤቱ የገባነው። የቤቱ እመቤት ቁጭ በሉ፣ ሞቅ ያለ ነገር ቅመሱ አለችን። አናጢው መጾማቸውን ነገሯትና ቡፌውን ከግድግዳው እንድታስነሣላቸው ጠየቁ። ባልየው አስነሣ። ከቡፌው ጀርባ ቀለሙ አብጧል፤ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ግድግዳው ጠቁሯል። ያን ያበጠ ቀለም በጥፍራቸው ነኩት፤ እንደ ደረቅ ቅጠል ረገፈ። ከሥሩ ምርጊቱ እርጥብ ነው። ምሰሶው ያለበትን ቦታ በመዳፋቸው ፈለጉና ሹሉን ብረት አስገቡት። ድምፅ አልነበረውም። የተቀቀለ ድንች እንደሚወጋ ዝም ብሎ ገባ። ሁለተኛውን ምሰሶ ወጉ፣ ሦስተኛውን ወጉ፣ እስከ ስድስተኛው ደረሱ። ሴትየዋ መሬት መሬት እያየች "ቀለም ስንቀባው የደረቀ መስሎን ነው" አለች። ምን ልበላት፤ እሷም ቤቷን የምትሸጠው ለሐዘንተኛ ነው፣ ከብዷታል።

አናጢው ወደ ውጭ አልጠሩኝም። አጥር ሥር አልወሰዱኝም። ሁሉም ባለበት፣ እዚያው እንደቆሙ ተናገሩ።

"ስድስት ምሰሶ አየሁ። አራቱ እግር የላቸውም። ቤቱ የቆመው በምርጊቱ ነው። ሁለት ክረምት ይቆም ይሆናል፤ ሦስተኛውን አላውቅም። ምሰሶ ብትቀይሪ፣ ውሃው ከላይኛው ጎረቤት ነው የሚመጣው፣ ያንቺ አይደለምና ልታዞሪው አትችይም። ተመልሶ ይበላዋል። አትግዢው።"

አላለቀስኩም። በመስኮቱ ወደ ጉና አየሁ፤ ደመና ብቻ ነበር። ከሚያዝያ ጀምሮ ሰው ሁሉ በጣቱ ጫፍ ነበር የሚነካኝ። ይህ ሰው እንደ ደህና ሰው አናገረኝ። ድካም እንጂ ሌላ ነገር አልተሰማኝም፤ ግን ቁጭ የሚያሰኝ ድካም ነበር።

ስንመለስ ዝናቡ በረታና አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ሥር ቆምን። ከጣራው የሚወርደው ውሃ ፊታችን ላይ እንደ መጋረጃ ነው። እዚያ እንደቆምን ጠየቅኳቸው።

"ባለቤቴን ከመሞቱ በፊት አይተውት ነበር?"

"አይቼዋለሁ። በጥር፣ ከገበያ ሲመለስ። ቀበቶው ሁለት ዙር ሊዞረው ምንም አልቀረው።"

"በልብዎ ምን አሉ?"

"ክረምቱን አያይም አልኩ።"

ውሃው ወረደ፤ እሱን አየሁ። "ለምን አልነገሩኝም?"

"አልጠየቅሽኝማ" አሉ። "ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር" ብለው ጨመሩ።

አመንኳቸው። ስላመንኳቸውም የማልወደው ነገር ተከተለ። እኔ ማንንም አልጠየቅኩም። ባሕር ዳር የሐኪሙ በር ክፍት ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ እንኳ አስታውሰዋለሁ። ገብቼ ምንድን ነው ማለት እችል ነበር። የባለቤቴ ወንድም ምሳ በላሽ ወይ ሲለኝ ሳልበላ በልቻለሁ ያልኩት እኔ ነኝ፤ በሩን ሁለታችን ነን አንድ ላይ የዘጋነው። ፔርሙዙን ይዤ ወደ ክፍሉ ስገባ ባለቤቴ "ምን አሉ?" አለኝ። "ይሻልሃል አሉ" አልኩት። አየኝ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ምሰሶ ሲያንኳኳ የኖረ ሰው ነው። አሁን ሳስበው የቃሌን ድምፅ ሰምቶታል። ዳግመኛ አልጠየቀኝም። እኔን ላለማስጨነቅ ይሆናል፤ ይህን አላውቅም፣ ከእንግዲህም የምጠይቀው የለም።

በማግስቱ ለመሐንዲሱ ስልክ ደወልኩ። ቤቱን እንደተውኩት ነገርኩትና "ምሰሶዎቹን አይተሃቸው ነበር?" አልኩት።

"አይቻቸው ነበር፣ ቲቸር።"

"እና?"

"ጥቁር ለብሰው ተቀምጠው… ወንበር ላይ፣ እንደዚያ ሆነው። እንዴት ብዬ ልንገርዎ?"

"ልጄ፣ ቤቱ ውስጥ የምኖረው እኮ ጥቁሩን እንደለበስኩ ነው" አልኩት።

አልተቆጣሁም፤ ድምፄም አልጠነከረም። እሱ ግን አለቀሰ። ማባበል የእኔ ፈንታ ሆነ።

ቤት ያገኘሁት ጳጉሜን ላይ ነው፤ ዝናቡ ሊያልቅ ሲል። አናጢው ራሳቸው ናቸው የጠቆሙኝ። ከገበያው ብዙም ያልራቀ፣ ሁለት ክፍል ብቻ ያለው አሮጌ ቤት ነው። መስኮቱ የሰው ግድግዳ ነው የሚያየው። ገብተው ምሰሶዎቹን ወጓቸው፤ ብረቱ አልገባም። "ድሮ የተቆረጠ ጥድ ነው፤ እኔንም አንቺንም ይቀብራል" አሉ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ቆመው ክፉውን መናገር ጀመሩ። ደብተር አውጥቼ የሚሉትን ጻፍኩ። ማድቤቱ ጭስ አያወጣም። የመኝታ ክፍሉ ወለል ወደ በሩ ያዘነብላል። የሰሜኑ ግድግዳ እንደገና መመረግ አለበት፣ ጭቃውም በደንብ ሳይቦካ እንዳይመረግ። በምሥራቅ ጥግ ሁለቱ ቆርቆሮ የተደራረቡበት ቦታ ያፈሳል፤ ቆርቆሮው ካልተለወጠ ሚስማር ቢጨመርበት አያቆምም። አንድ ገጽ ሞላ። አንድም "በአጠቃላይ" የለበትም።

የባለቤቴ ወንድም ቤቱን ሲያይ "እቴ፣ ያን የመሰለ ቤት ትተሽ ይሄን?" አለኝ። ደብተሩን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። ሲጨርስ "ማነው እንዲህ በጭካኔ ያየልሽ?" አለ። ነገርኩት። ስማቸውን ሲሰማ ወንበር ሳበና ቁጭ አለ። ሐኪሙ ያለውን እንዲነግረኝ በዚያ ቀን ጠየቅኩት፤ ነገረኝ። ረጅም አልነበረም።

ከገባሁ ሦስተኛ ወሬ ነው። ቆርቆሮውን ገና አላስለወጥኩም፤ እስከ ሰኔ እደርሳለሁ ብዬ ነበር። ትናንት ያለ ወቅቱ ዘነበ። ደብተሬን ይዤ ተቀምጬ ሳለ ጠብታው ወረደ፤ በምሥራቅ ጥግ፣ ልክ እሳቸው ባሉበት ቦታ። ባልዲ አስጠጋሁ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ አጠገቤ ያለውን የጥድ ምሰሶ በጣቴ አንጓ አንኳኳሁና አዳመጥኩ። አሁንም የእንጨት ድምፅ ነው። ባልዲው ሲሞላ ተነሥቼ ደፋሁት።